ስፖኪዮዋ የተፈታ ሞተርና የቸኮለ መርዶ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ገረመው ሰላሙ
የዳር እስከ ዳር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ቶሮንቶ

ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖሬን ስለማሳወቅ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የጉልበትዎ ሕመም ታግሶልዎ፣ ደም ግፊትዎ ወርዶልዎ፣ ብሉር ጎዳና ላይ ያለው የስብሰባ አዳራሻችን ደረጃም ሳይከብድዎ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ቢጽፋት የደብዳቤ ማሟሻ ትሆን ነበር፤ እኔ ስጽፋት ግን ኮሚቴዎ እስካሁን ያላጸደቃት ዜና በመሆኗ በጥሞና እንዲያነቧት በትሕትና እለምናለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ስሜ የኔነሽ ተሻገር ይባላል። ክሬሰንት ታውን እኖራለሁ፣ ሆስፒታል ውስጥ የራጅ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ፣ የእድሩም አባል ነኝ። ባለፈው ሐምሌ በአንዱ ቅዳሜ ክቡርነትዎ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትለው፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ እናቴ ቤት ሄደው መሞቴን ያረዱባት ልጅ እኔ ነኝ። እርስዎ መርዶውን በሚናገሩበት ሰዓት እኔ ከከተማው በስተምሥራቅ ርቆ በሚገኝ የእሽቅድድም ሜዳ፣ ከጀማሪዎች ጋር፣ ሞተር ላይ ተቀምጬ መታጠፊያ እንዴት እንደሚገባ እየተማርኩ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ብርሃነሽ የዚያን ቀን የለበሰችውን ከል እስከ ዛሬ አላወለቀችም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ስለዚያ ከል ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ወንድሜ ማኑ ከሁለት ዓመት በፊት ካልጋሪ ውስጥ ተኝቶ በዚያው ሲቀር፣ መርዶውን ለእናቴ የተናገሩት እርስዎ ነበሩ። ያን ጊዜ ዜናው እውነት ነበር፣ አነጋገርዎም ያማረ ነበር፤ እናቴም ከዚያ ወዲህ “ገረመው ዋሽቶ አያውቅም” ትላለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ውስጤ ደንዝዟል። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቁጣ ቢያጡ አክብሮት ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ቁጣውም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ፣ የጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ከንፈር ሲነካ እንደሚሰማው ያህል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሞተሯ አመራረጥ። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ “መቼም ሞት ፈልጋ ነው የገዛችው” ተብሎ መነገሩን ሰምቻለሁ፤ ለተሰጠው ሙያዊ ትንታኔ ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ። ሞት ፈልጌ ቢሆን ኖሮ አመራረጤ ሌላ ይሆን ነበር፤ ሻጩ ገና በሩ ላይ ሳለሁ አንዲት ባለ አንድ ሺህ ሲሲ ቀይ ሞተር አሳይቶኝ፣ ቁጭ በይባት ብሎኝ፣ ታምርብሻለች ብሎም ፎቶ ሊያነሳኝ ነበርና። እኔ የገዛሁት ግን ያገለገለች ባለ አራት መቶ ሲሲ ነው፤ ቀላል፣ ሁለቱም እግሮቼ መሬት በደንብ የሚረግጡላት፣ የቀድሞ ባለቤቷ አንድ ጊዜ ጥሏት ጎኗ የተፋቀ። የተፋቀችውን የመረጥኩት ጀማሪ መውደቁ ስለማይቀርና አዲስ ቀለም ሲላጥ ስለሚያንገበግብ ነው። ከመግዛቴ በፊት የፊት አሞርዛተሮቿ ዘይት የሚያንጠባጥቡ መሆን አለመሆናቸውን በጣቴ ዳብሼ፣ ጎማዋ በአንድ ወገን ብቻ ያለማለቁን አይቼ፣ ሞተሯ ቀዝቅዛ ሳለች ያለ ማባበል መነሳቷን አረጋግጫለሁ። ሰው ለትዳር እንኳ ይህን ያህል አይመረምርም፤ ከራሴ ልምድ ነው የምናገረው።

ትንሿን የመረጥኩበት ምክንያት ለማንም ጀማሪ ይጠቅማልና ልግለጸው። ትልቅ ሞተር ላይ የወጣ ጀማሪ ቀጥታው ላይ ይበርና መታጠፊያው ላይ ይደነግጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ የሚማረው ፍርሃትን ብቻ ነው። ትንሽ ሞተር ግን ስህተትን ይቅር ትላለች፣ እንደገና እንዲሞክሩም ጊዜ ትሰጣለች። ይህን ባሕርይ በሌላ ቦታም ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

በተጨማሪም “በመንገድ ላይ እየከነፈች” የተባለው ሐሰት ነው። በመንገድ ላይ አልነዳትም። የራጅ ባለሙያ በመሆኔ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሳያይ ወደ ግራ የታጠፈ መኪና የሞተረኛን ጭን ምን እንደሚያደርገው በጋውን ሙሉ ስመለከት እከርማለሁ። ትራክ ዴይ የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። ለእሽቅድድም የተሠራው ዝግ መንገድ ውድድር በሌለበት ቀን ለተራ ሰው ይከፈትና፣ ጀማሪው በአስተማሪ እየተመራ ይነዳል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ የሚያቋርጥ መኪና የለም፣ አምቡላንስ ከነባለሙያው ቆሞ ይጠብቃል፣ መቀዳደምም የሚፈቀደው ቀጥታው ላይ ብቻ ነው። ዋንጫ የለም። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ሬስቶራንት ፊት ለፊት መኪና ደርበው አቁመው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ በር የሚከፍቱ የኮሚቴ አባላትም የሉም።

፪ኛ. ስለ ሞተሯ ዝግጅትና ስለተነሳው ፎቶ። ለትራክ የምትዘጋጅ ሞተር መልኳ ይለወጣል። ስፖኪዮዎቿ ይፈታሉ፤ ነጂው ወደ ኋላ እንዲያይ አይፈለግም፣ ከኋላ የሚመጣው ነው ተጠንቅቆ የሚያልፈው። ታርጋዋ ይነሳል። የፊትና የኋላ መብራቶቿ፣ ፍሬቻዎቿም ሳይቀሩ በፕላስተር ይሸፈናሉ፤ ብትወድቅ ስባሪው አስፋልት ላይ እንዳይበተን። ራዲያተሯ ውስጥ ያለው ፀረ በረዶ ይደፋና ንጹሕ ውሃ ይሞላል፤ ያኛው ቢፈስ መንገዱን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋልና። የዘይቷ ብሎን እንዳይፈታ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል፣ የፍሬን ዘይቷ ይቀየራል፣ የፍሬን ሸራዋ ውፍረት ይታያል፣ ካቴናዋ ተጠርጎ መላላቱና መጥበቁ ይስተካከላል። ይህን ሁሉ ዓርብ ከሥራ በኋላ በሕንጻችን ፓርኪንግ ውስጥ ከአክስቴ ልጅ ከያፌት ጋር ሠራን። ታርጋ የሌላት ሞተር በመንገድ ስለማትነዳም የያፌት ፒካፕ ላይ ጭነን በገመድ አሰርናት።

እኛ እጃችንን ልንታጠብ ወደ ላይ በወጣንበት ቅጽበት፣ ጎረቤቴና የኮሚቴዎ አባል ወይዘሮ አበራሽ በዚያ ሲያልፉ ሞተሬን አይተው ፎቶ አንስተዋታል። ፎቶዋም “ይቺ የየኔነሽ ሞተር አይደለችም? ምን ሆና ይሆን? እግዜር ያውጣት” የሚል ጸሎት ታክሎባት እኔ ባልገባሁበት የእድሩ ዋትስአፕ ላይ አደረች። አልፈርድባቸውም። ስፖኪዮ የሌላት፣ ታርጋ የሌላት፣ ዓይኗ በፕላስተር የታሸገ፣ ጭነት ላይ የታሰረች ሞተር ያየ ሰው ክፉ ቢያስብ የሚደንቅ አይደለም። የሚደንቀው በአንድ ሊፍት የምንወጣ ሰዎች ሆነን ሳለ ለሁሉም ሰው የተላከው ጥያቄ ለእኔ አለመላኩ ነው። በሬን ቢያንኳኩ ሻይ አፈላላቸው ነበር።

፫ኛ. ስለ ስልኩ። በማግስቱ ጠዋት ክቡርነትዎ ደወሉ። መደወልዎ የሚያስመሰግን ነው። ሜዳው ላይ ስልክ ይዞ መንዳት ክልክል በመሆኑ ስልኬን የያዘልኝ ያፌት ነበር። ያፌት እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ፣ ሚስት ያገባ፣ በሙያው ኢንጂነር የሆነ ሰው ነው፤ አማርኛውን የተማረው ከእናቱ ነው። ሞተር ወደ ሜዳው ከመግባቷ በፊት ተቆጣጣሪ ይመረምራታል፤ ጎማዋን ያወዛውዛል፣ ፍሬኗን ይጨብጣል፣ የነጂውን ሄልሜትና የቆዳ ልብስ ያገላብጣል። እኛ ይህን ምርመራ ያለፍነው በመጀመሪያው ሙከራ ነበርና ያፌት ደስ ብሎታል። እርስዎ “የኔነሽ እንዴት ሆነች?” ብለው ሲጠይቁት፣ ታላቅ ሰው ሲያናግር ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ እናቱ ስላሳደገችው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ “ጠዋት አለፈች” አለዎት።

“ምን አልክ?” አሉት። “አለፈች፣ ጋሽ ገረመው። በጣም ኢዚ ነበር፣ ምንም አልቆየም” አለዎት።

“አሁን የት ናት?” አሉት። “ትራክ ላይ ናት” አለዎት። ክቡርነትዎ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ስለሆኑ፣ ትራክ ሲባል የሚታይዎት የጭነት መኪና ብቻ ነው፤ አስከሬኔ ተጭኖ ሲመጣ ታየዎት። ቀጥለው “እናቷስ ሰምተዋል?” አሉት። ሞተር መግዛቴን ለእናቴ አልነገርኳትም ነበርና ያፌት ደንግጦ “ኖ፣ ኖ፣ እሳቸው አያውቁም፣ ፕሊስ እንዳይነግሯቸው” አለዎት። “እሷ ራሷ ኮል ታደርጋለች” ብሎ የጨመረውን ግን አልሰሙትም፤ እርስዎ ያን ጊዜ “አይዞህ ልጄ” ብለው ዘግተው ነበር። ያፌት ከሜዳ ስወጣ “ጋሽ ገረመው ደወሉ፣ አይዞህ አሉኝ፣ ሶ ናይስ” ብሎ ሰላምታዎን አድርሶልኛል።

ኮሚቴው ኋላ ባወጣው መግለጫ ስህተቱ የተፈጠረው “በወጣቱ የአማርኛ ድክመት” መሆኑን አስታውቋል። ያፌት የተናገረውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የሰዋስው ስህተት አላገኘሁበትም። በአማርኛ ሰው ፈተና ያልፋል፣ ሰው ከዚህ ዓለምም ያልፋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚጠይቀው ሰሚው ነው።

፬ኛ. ስለ ጥድፊያው። ወጋችን መርዶ በንጋት ይነገራል ይላል። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ነገሩም እስኪጣራ ሌሊቱ ይታለፋል፤ ሐዘንተኛውም አንዲት ሌሊት ይተኛል። ይህን ወግ ከእርስዎ በላይ የሚያስተምረን የለም፤ በየዓመቱ ጉባኤ “ወጋችን እየጠፋ ነው” ብለው ሲያስለቅሱን ኖረዋል። በዚያች ቅዳሜ ግን “ፌስቡክ እንዳይቀድመን” ብለው ቀትር ሳይሆን በሯን አንኳኩ። እንደ ወጉ እስከ እሑድ ንጋት ቢቆዩ ኖሮ እኔ ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ወገቤን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እርስዎ ካፈሰሱ በኋላ መልቀሙን ለእኔ ትተውታል። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ዘመድኩን አስከሬኔን የጫነውን ትራክ ለማግኘት እስከ ማታ ድረስ የጭነት ድርጅቶችን ሲያስጨንቁ መዋላቸውንም ሰምቻለሁና፣ ለድካማቸው እግዜር ይስጥልኝ።

፭ኛ. ስለ ለቅሶዬ። ሜዳው ላይ አንድ ረጅም መታጠፊያ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋቱን ሙሉ ስጋፋው አረፈድኩ። ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ ጎማውን ሳይሆን መውጫውን ተመልከቺ አለችኝ። ፍሬኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ፣ ዓይኔን አሻግሬ መውጫው ላይ አሳረፍኩ፣ ሞተሯም በራሷ ጊዜ ዘንበል አለች። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ማኑ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ለእናቴ ዛሬውኑ ልንገራት ብዬ ወሰንኩ፤ ወደ ቤቴ ሳልሄድ በቀጥታ ቶርንክሊፍ ፓርክ የመጣሁት ለዚህ ነው። ያፌት ድምፁን አጥፍቶ ቦርሳ ውስጥ የከተተው ስልኬ ባትሪው አልቆ ነበር። ለሟች ያን ያህል ሰው እንደሚደውል አላውቅም ነበር።

የእናቴ ሕንጻ የጋራ አዳራሽ በር ላይ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ቆመው አየሁ። የማኑ ለቅሶ የተቀመጥነው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። እናቴ የሞተች መሰለኝ። የያፌትን ክንድ ጨበጥኩ። በር ላይ የቆመ የማላውቀው ሰው “እግዜር ያጥናሽ” ብሎ ሶፍት ሰጠኝ፣ እኔም ተቀበልኩት። ስገባ ፊት ለፊት፣ በሁለት ሻማ መካከል፣ ትልቅ ፎቶ ቆሟል። የእኔ ፎቶ ነበር፤ ለእድሩ መታወቂያ የተነሳሁት፣ አንድ ዓይኔ የተከደነበት። እፎይ አልኩ። ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ የገዛ ለቅሶዬ ላይ ገብቼ ፎቶዬን ሳይ እፎይ ያልኩ ሰው ነኝ፤ እናቴ አልሞተችም ማለት ነበርና።

ክቡርነትዎ የሕይወት ታሪኬን እያነበቡ ነበር። በሥራዋ ታታሪ፣ ለእናቷ ታዛዥ፣ ለእድሩ ምሰሶ የነበረች ተብዬ ነበር፤ ባለፈው ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ዕድል የነፈጉኝ ምሰሶነቴ እንዳይነቃነቅ ብለው እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በመነጽርዎ በላይ አይተውኛል፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጥመናል። የቆዳ ልብሴን ለብሼ፣ ሄልሜቴን በክንዴ አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። ሴቶቹ ጮኹ፣ ወይዘሮ አበራሽ በስመ አብ እያሉ ወንበር ገልብጠው ወጡ፣ እርስዎ ግን “በደረሰባት የጭነት መኪና አደጋ” የሚለውን አንቀጽ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ አነበቡት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእርስዎ አይሆንም፤ እንዲያው ብዕሬ ላይ መጥቶ ነው።

እናቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልጮኸችም። አጠገቧ ተንበረከክሁ፤ መዳፏን ፊቴ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ትከሻዬን፣ ከዚያ ክርኔ ላይ ያለውን ጠንካራ ቆዳ ዳሰሰች። “መጣሽ” አለችኝ። ነጠላዋን መልሳ ፊቷ ላይ ጣለችና ለቅሶዋን ቀጠለች። በዚያ ሰዓት ማልቀስ ፈልጌ ነበር። አልመጣልኝም።

፮ኛ. ያፌት ከመግለጫዎ በኋላ አማርኛ መናገር አቁሟል። እናቴ “በላህ ወይ?” ስትለው በእንግሊዝኛ ይመልስላታል፤ እሷ ደግሞ እንግሊዝኛ አትሰማም። ይህ በቅሬታነት እንዲመዘገብልኝ ብቻ ነው።

፯ኛ. ስለ ከሉ። እናቴ አእምሮዋ ጤነኛ ነው። በሕይወት መኖሬን ታውቃለች፤ እሑድ እሑድ አብረን ምሳ እንበላለን። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እንደ ታላቅ ሰው በሽማግሌ የተነገራትን በልጅ ወሬ አትሽርም። በወጋችን ሐዘንተኛ ከሉን በገዛ እጁ አያወልቅም፤ ሽማግሌዎች መጥተው፣ መርቀው ነው የሚያስወልቁት። “ያለበሰኝ ገረመው ነው፤ እሱ መጥቶ ያስወልቀኝ” ትላለች። ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ስሙን ያወጣችልኝ እሷ ናት። የዚያን ዕለት ቀኑን ሙሉ የኔነሽ፣ የኔነሽ እያለች ደረቷን ስትደቃ ስለዋለች፣ ስሙ የለቅሶ ሆኖብኛል ትላለች። አሁን ከኋላዬ ስትጠራኝ “ስሚ” ነው የምትለኝ።

ስለዚህ በአቶ ዘመድኩን በኩል አንዲት ልመና አቅርቤ ነበር። ክቡርነትዎ መርዶውን ሲናገሩ አብረውዎት ከነበሩት ሰዎች ጋር፣ በአንድ ንጋት እናቴ ቤት መጥተው “የኔነሽ አለች” እንዲሏት። “አለፈች” ካሉት ቃል ላይ አንዲት ፊደል ማንሳት ነው። ከዚህ የቀለለ እርማት በአማርኛ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም።

ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ተወያይቶ፣ መልሱን በዚያው በአቶ ዘመድኩን አፍ ላከልኝ። አንደኛ፣ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ መርዶ የሚነገርበት እንጂ መርዶ የሚመለስበት አንቀጽ የለም። ሁለተኛ፣ ሊቀመንበሩ እንዲህ ባለ ጉዳይ ከሄዱ ነገ የሚናገሩትን የሚያምን ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ይሁንና ሞተሯን ከሸጠች ነገሩን በሽምግልና መልክ ለማየት ኮሚቴው በሩ ክፍት ነው። አቶ ዘመድኩን ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከጫማቸው ላይ አላነሱም፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

ሞተሯን አልሸጥም። እናቴን ጠይቄያታለሁ፤ ሽጪ አላለችኝም። ሕይወቴ አሳስቧችሁ ቢሆን ኖሮ በሕይወት መኖሬን ለመመስከር ዋጋ ባልጠራችሁ ነበር። በዚያች መታጠፊያ ላይ የተሰማኝን ነገር እንደገና ካላገኘሁት፣ የቀረው ዕድሜዬ እርስዎ ያነበቡት ዓይነት የሕይወት ታሪክ ሆኖ ነው የሚያልቀው፤ ታታሪ፣ ታዛዥ፣ ምሰሶ። ይህን ለእናቴ ነግሬያታለሁ፣ አሁን ደግሞ ለእርስዎ ነገርኩ።

በመጨረሻም፣ ሰው በቁሙ ሊሰማው የማይችለውን ስለ እኔ የተነገረ መልካም ነገር በገዛ ጆሮዬ እንድሰማ ስላደረጉኝ፣ ለቅሶዬ ላይ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረም በዓይኔ እንዳይ ስለፈቀዱልኝ፣ ጥልቅ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እውነተኛው ቀን ሲመጣ ደግመው እንዳይደክሙ የተጻፈውን ታሪክ እንዲያስቀምጡት አደራ እላለሁ፤ የጭነት መኪናዋን ብቻ ይሰርዟት።

ዕድሜዎን እንደ ማቱሳላ ያርዝምልዎ፣ ቃልዎንም እንደ ዕድሜዎ ያክብርልዎ እያልኩ፣ ከመሬት በላይ ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

የእድርዎ ታዛዥ አባል፣ በኮሚቴዎ ሟች፣ በሆስፒታሉ የሥራ ፕሮግራም ግን ነገ የጠዋት ተረኛ፣

የኔነሽ ተሻገር

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አበራሽ፤ ዳግመኛ ፎቶ ቢያሻቸው ከሞተሬ አጠገብ ቆሜ እነሳላቸዋለሁ።
ለአቶ ዘመድኩን፤ ትራኩን መፈለግ ማቆም ይችላሉ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስሟ ስላለበት ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። “አይመጣም፤ ገረመውን ከእኔ ከል ይልቅ የራሱ አፍ ክብር ነው የሚያሳስበው” አለች። ከዚያ የሚቀጥለው ትራክ ዴይ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በረዶ ከመጣሉ በፊት አንድ እንደቀረ ነገርኳት። እመጣለሁ፣ ወንበር ያዢልኝ አለች። መውደቅ ሊኖር እንደሚችል፣ ማየቱ እንደሚከብዳት ገለጽኩላት። “የማኑን ከሰው አፍ ሰማሁ፣ ያንቺን ከሰው አፍ ሰማሁ። ከእንግዲህ የልጄን ነገር ከሰው አፍ አልሰማም። ብትወድቂም ቆሜ በዓይኔ ልይሽ፣ የኔነሽ” አለችኝ። ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ ወደፊት ለሚኖር ለማናቸውም ዜና ወደ ቶርንክሊፍ ፓርክ መድከም አይኖርብዎትም። ቢመጡ በሩን ትከፍትልዎታለች፣ ሻይም ታቀርብልዎታለች። የሚነግሯትን ግን አታምንም።